ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የሚመጣ ጎርፍ

ሰኔ ሲገባ አዲስ አበባ ያሉ ልጆቻችን ቶሎ ቶሎ መደወል ይጀምራሉ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። እነርሱ ሥራ ይውላሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ጋር ተፋጠው ሊከርሙ ነው። «እማዬ፣ ለአየር ለውጥ ወዳንቺ ልላካቸው?» ይላሉ። አያት የሆነ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ እናንተም ታውቁታላችሁ። «ላኪያቸው እንጂ፣ ይህ ምን ይጠየቃል!» ብለን ስልኩ ሳይዘጋ አልጋ የት እንደምንዘረጋ ማሰብ እንጀምራለን።

እኔ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። «ገጠር ሜዳው ሰፊ ነው፣ ልጅ እንደ ልቡ ይሮጣል» ሲባል በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምርበት ያምረኛል። ሜዳ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ልጅ እንደ ልቡ የሚሮጠው ሜዳው ስለሰፋ ብቻ አይደለም። በሜዳው ዳር ስሙን የሚያውቁ ሰዎች ስላሉ፣ እነዚያም ሰዎች የቦታውን ጠባይ ስለሚያውቁ ነው። ይህን ከረሳን ልጆቻችንን ወደ ውጭ ስናወጣቸው ለአደጋ እንዳርጋቸዋለን፤ አለዚያም አደጋውን ፈርተን ቤት ውስጥ እንቆልፍባቸዋለን።

አገሩን ለማያውቅ ጥቂት ልንገር። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደብረ ብርሃን ታልፎ ጣርማ በር ሲደረስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙና ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ የሠራውን ዋሻ አልፎ መኪናው ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል። ከዚያ በታች ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ሰው ከገብስና ከባቄላ አገር ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ማንጎና ፓፓያ ወደሚበቅልበት የይፋት ቆላ ይገባል።

ሁለቱ የልጅ ልጆቼ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ልጅና የስምንት ዓመቱ ወንድሟ፣ ይህን መንገድ የለመዱት ዘግይተው ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ደርሶ ነበር። ከዚያም በኋላ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። አያትና የልጅ ልጅ በስልክ ብቻ የሚተዋወቁበትን ጊዜ ያየ ሰው፣ አንድ ክረምት አብሮ መክረም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ክረምት ሲመጡ ጊዜያቸው በከንቱ እንዳያልፍ እፈልግ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስ ነገር እንዲያደርግ ይመክራል። እኛ ሰፈር ይህን ደቂቃ የሚቆጥር ሰው የለም። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ኳስ አለ፤ ኳሱ አንዳንዴ የካልሲ ነው። ልጃገረዶቹ ሰኞ ማክሰኞ ይዘልላሉ፤ ብይ አለ፣ ድብብቆሽ አለ። ቀኑ ሲሞቅ ጥላ ሥር ገበጣ ይቀመጣሉ። ሲበርድላቸው ፍየል ነድተው ይመለሳሉ። ጨዋታውና ሥራው እዚህ ብዙም አይለያይም። በጥቅምት ማሽላው ሲያሸት የሰፈሩ ልጆች እርሻ መካከል ከተሠራ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ግሪሳ ከመጣ የዓመቱን እህል ጠራርጎ ይሄዳልና ጥበቃው የዋዛ አይደለም። ልጆቹ ግን ማማው ላይ ሆነው ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየተጣሩ፣ ጥንቅሽ እየመጠጡ ነው የሚውሉት። የልጅ ልጆቼ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ትምህርት ላይ ስለሆኑ ይህን በወሬ ነው የሚያውቁት፤ እኩዮቻቸው እየተረኩ ያስቀኗቸዋል።

ሰዉም እንደ ጨዋታው ብዙ ዓይነት ነው። ይፋት ዱሮ የእስላም ሱልጣኔት ስም ነበር፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወላስማ ቤተሰብ የገዛው፣ ከደጋው ወደ ዘይላ ወደብ የሚወስደው የነጋዴ መንገድ ያለፈበት አገር ነው። ዛሬም አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኝበታል። ከእኛ ወደ ሰሜን ባለው በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ግመል የሚነዳውም በርበሬ የሚሰፍረውም በየቋንቋው ሲነጋገር ይውላል። የልጅ ልጄ በአንድ ክረምት በሦስት ቋንቋ ሰላምታ መስጠት ለምዳ ነው የተመለሰችው። ከአንዲት አርጎባ ጎረቤቴ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ጨዋታ ገታ አድርጎ መቆምን ተማረች። ይህን የነገራት ሰው ዘመዷ አይደለም። «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በየደጁ አለና ነው።

አሁን ወደ ወንዙ ልምጣ።

ልጄ እነርሱን ስትልክ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አሳሰበችኝ፤ «እማዬ፣ አደራሽን ወንዝ እንዳይሄዱ።» እርሷ ራሷ እዚሁ ሰፈር ተወልዳ፣ እዚሁ ወንዝ ዋኝታ ያደገች ናት። የፈራችበት ምክንያት ግን ከንቱ አልነበረም። ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው፤ የጎርፍም ጊዜ ነው። ልጆቻችን ነፃ የሚሆኑበትና ወንዙ የሚከፋበት ወር አንድ ነው።

በቆላው ያለውን ጎርፍ የከተማ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ጎርፍ ሲባል የሚታየው ዝናብ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚወስደው ጎርፍ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እያቃጠለ ነው። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ በጣርማ በርና በመንዝ ተራሮች ላይ ነው። ተራራው ቀጥ ያለ ስለሆነ ውሃው በየሸለቆው ተሰብስቦ ቆላው ድረስ ለመምጣት ጊዜ አይወስድበትም። አሸዋው ላይ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ የነበረ ውሃ ድንገት ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይደርሳል። ከብት ይወስዳል፣ እረኛ ይወስዳል።

በልጅነቴ አብራን ትማር የነበረች ልጅ እንዲህ ሄደች። ከዚያ በኋላ እናቶቻችን በሙሉ ወንዝ ከለከሉን። የተፈጠረው ምን መሰላችሁ? መሄዳችንን አልተውንም። ሙቀቱ ሠላሳ ዲግሪን ሲያልፍ ልጅን ከውሃ የሚያስቀር ክልከላ የለም። ድሮ የምንዋኘው ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡበት፣ ሽማግሌዎች ከብት የሚያጠጡበት ቦታ ነበር። ከክልከላው በኋላ ማንም እንዳያየን ወደ ታች፣ ገደሉ ከሁለት ወገን ወደሚገጥምበት ቦታ ወረድን። መውጫው ጠባብ የሆነበት፣ ጩኸት የማይሰማበት ቦታ ነበር። ክልከላው ውሃውን አላራቀልንም፤ የትልቅ ሰው ዓይን ግን አራቀብን።

ይህን ለልጄ በስልክ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያም «እንዴት ታደርጊያለሽ ታዲያ?» አለችኝ። «ወንዙን አስተምራቸዋለሁ» አልኳት። ወዲያው አልፈቀደችም። ሦስት ቀን ስትደውል፣ ስትመልስ ቆየች። እኔም አልገፋኋትም፤ ልጆቹ የእርሷ ናቸው። በመጨረሻ «አንቺ ካልተለየሻቸው» ብላ ተስማማች።

የመጀመሪያውን ሳምንት ልብሳቸውን ሳያወልቁ ነው ያሳለፉት። የሚያስተምረው እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ወንዝ ሲሻገር የኖረ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አብሮን ተቀመጠ። የነገራቸው ሁሉ ቀላል ነው። ወደ ወንዝ ከመውረድህ በፊት የቆምክበትን ሰማይ አትይ፤ ተራራውን እይ። ወደ ጣርማ በርና ወደ መንዝ በኩል ከጠቆረ ዛሬ ወንዝ የለም። የጠራ ውሃ ከደፈረሰ፣ ገለባና ደረቅ ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ «ምን ሆነ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ውጣ። ልብስህንም ጫማህንም አሸዋው መካከል አታስቀምጥ፤ ሰው የሚሞተው ልብሱን ሊያነሣ ሲመለስ ነው። ወዲያ ማዶ ሆነህ ጎርፍ ከያዘህ እስኪጎድል እዚያው እደር፤ እናትህ ብትቆጣህ ይሻላል። ይህን የመጨረሻውን ሲል የስምንት ዓመቱ ልጅ ሳቀ። አዛውንቱ አልሳቀም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሌሎች ሰባት ስምንት ልጆች ጋር ውሃ ውስጥ ናቸው። እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ዳር ሾላ ሥር ተቀምጠናል። ሰማዩ ጠርቷል። ተራራው ላይ ትንሽ ደመና እንጂ ጥቁረት አልነበረም። የልጅ ልጄ ከውሃው ቆማ ወጣች፤ ወንድሟንም በክንዱ ጎትታ አወጣችው። «እቴቴ፣ ገለባ!» አለች። እኔ ከተቀመጥኩበት አልታየኝም ነበር። ተነሥተን ሌሎቹን ጠራን። ልጆቹ እየተንጫጩ ዳገቱን ወጡ። ከላይ ያለ እረኛ ሲጮህ የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው ሲደርስ ቡና መስሎ፣ ቁመቱ ከሰው ጉልበት በላይ ሆኖ ነበር። የከፋ ጎርፍ አልነበረም፤ አገር ያለቀበት ዓይነት አይደለም። የስምንት ዓመት ልጅን ለመውሰድ ግን ይበቃ ነበር።

ማታ ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ይህን የምታነቡ አያቶችም አትደብቁ እላለሁ። ወላጅ ከጎረቤት ወሬ ከሰማ በሚቀጥለው ክረምት ልጅ አይልክም። ልጄ አለቀሰች። ከዚያ ልጇን በስልክ ጠርታ «ገለባውን ማን አየው?» አለቻት። «እኔ ነኛ!» አለች ልጅቷ፤ በድምፅዋ ውስጥ ያለውን ኩራት ከዚህ ቀደም ሰምቼው አላውቅም።

ጎርፉ የክረምት ነገር ነው። በበጋ፣ በትምህርት አጋማሽ ዕረፍት ለሚመጣ ልጅ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ያን ጊዜ ወንዙ ይጎድላል፤ ውሃው ጠርቶ፣ ለብ ብሎ፣ በየጉድጓዱና በመስኖ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ ይታያል። እናት አይታው «ይህስ ምንም አይል» የምትለው ውሃ ነው። ነገር ግን በሸዋ ሮቢት አካባቢ የአንጀት ቢልሃርዝያ ያለ በሽታ ነው። ትሉ የሚራባው በተኛ ወይም ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከእርሷ ወጥቶም የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ብቻ ይበቃዋል። ቶሎ ላይታወቅ ይችላል፤ ሲቆይ ግን ሆድ ያማል፣ ሰገራ ከደም ጋር ያመጣል፣ ጉበትንም ይጎዳል።

ስለዚህ በበጋ በመስኖ ቦይና በተኛ ውሃ ውስጥ መዋኘት በእኛ ቤት የለም። ይህን ስል ከክረምቱ ጋር የሚጋጭ እንዳይመስላችሁ። ጎርፍን በዓይን ተጠብቆ ማምለጥ ይቻላል፤ ትሉን ግን ማንም በዓይኑ አያየውም። ልጆቹን ከወንዝ የቀዳነው ውሃ ቢያንስ ሁለት ቀን ተቀምጦ ካደረ በኋላ በግቢ ውስጥ በገንዳ እናንቦጫርቃቸዋለን፤ ከቀንድ አውጣው የወጣው ትል ያን ያህል ጊዜ አይኖርም። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ደግሞ ለሐኪሙ ቆላ ከርመው እንደመጡ መንገር ነው። ሰገራ ተመርምሮ ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባል፣ በክብደት ተለክቶ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ለወባውም አጎበር እንኳን ለእንግዳ ለኛም አይቀርም። ሽንት ቤት መጠቀምም የሌላውን ልጅ መጠበቅ ነው፤ ትሉ ወደ ውሃው የሚገባው ከታመመ ሰው ሰገራ ነውና።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ላሳያቸው ብዬ ወደ ላይ ወሰድኳቸው። ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ በሚገነጠለው መንገድ ጓሳ ደረስን። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የመንዝ ሕዝብ የጋራ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮ አለበት፣ ጭላዳ አለበት። ከዚያ ደጋ ላይ የሚወርደው ውሃ በአንድ ፊት ወደ ዓባይ፣ በሌላው ፊት ወደ እኛ ቆላ ወርዶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ቆላ የከረሙት ልጆች በጋቢ ተጠቅልለው፣ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ፣ መቶ የሚሆን የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ አጠገቡ ተቀምጠው ተመለከቱ።

የአካባቢው ሰው ለልጆቹ ያጫወታቸው ግን ከጭላዳው ይልቅ ለእኔ ደስ አለኝ። ጓሳ ከ400 ዓመት በላይ የተጠበቀው ቄሮ በሚባል የአገር ሥርዓት ነው፤ በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጉም ከምንሰማው ስም ጋር አይገናኝም። አስቦና ገራ ከሚባሉ አባቶች የተወለዱ ቤተሰቦች ቦታውን ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። በዚያን ጊዜ ሣር ማጨድም ከብት ማሰማራትም አይቻልም። ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት የሚሆነው ሣር ለሁሉም ይደርሳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ቦታውም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ። ዛሬ ለእግር ጉዞ የሚመጣ እንግዳ የሚያርፍበት የማኅበረሰቡ ማረፊያም አለ።

ልጄ ልጅ «ማንም ሰው የሌለበት ሜዳ መስሎኝ ነበር» አለችኝ ስንመለስ። እኔም ይኸው ነው ያልኩት። ያ ሁሉ ባዶ የሚመስል ሜዳ በሰው ሥርዓት የተያዘ ነው። ወንዙም እንደዚያው ነው፤ ማማውም፣ የእሑድ ገበያውም። ልጅ ወጥቶ የሚጫወትበት ቦታ ሁሉ ከበስተጀርባው የተስማሙ ሰዎች አሉት። ሰዎቹ ሲበተኑ፣ በጦርነትም ይሁን በስደት ወይም ዝም ብሎ ባለመተዋወቅ፣ ሜዳው እዚያው አለ፤ ልጁ ግን አይወጣም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ወላጆች፣ «እኛ ጋ መጫወቻ ቦታ የለም» ስትሉ እሰማለሁ። እውነታችሁን ነው፤ ቦታ ይጠባል። ልጄ የምትኖርበት ሕንፃ ሥር ግን ባዶ ግቢ አለ፤ መኪና ይቆምበታል። ከዚያ ክረምት በኋላ እርሷና አራት እናቶች ተነጋግረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት መኪኖቹ በአንድ ወገን እንዲቆሙ አደረጉ፤ በየተራ አንዳንዳቸው ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። የሌላዋ ልጅ ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ፎቅ እንደሆነ አሁን ያውቃሉ። ግቢው አልሰፋም፤ ልጆቹ ግን ወጡ።

እኛ አያቶች ደግሞ «አትሂድ» የሚለውን ቃል ብቻውን አንጠቀምበት። መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር እንደሚኬድ እንንገራቸው። አንዳንዱ ነገር ፈጽሞ አይቻልም፤ ያኔም ምክንያቱን እንንገራቸው። የምናውቀውን ይዘን ከሄድን የሚቀጥለው ትውልድ ወንዙን እንደ አዲስ፣ በሰው ሕይወት ነው የሚማረው።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ፍየሎቹ ጠየቀች። ከዚያ «እቴቴ፣ ዛሬ ልጆቹ ወንዝ ወርደዋል?» አለችኝ። «ወርደዋል» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ «ጣርማ በርስ ዘንቧል ወይ?» አለች። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ደጅ ወጥቼ ተራራውን አየሁላት።